በገዛ ከተማቸው እንግዳ ሆነው የዋሉበት ቅዳሜ

የብርጓል ከዳንግላ መጥታ ባሕር ዳር ስትገባ ገና ኮረዳ ነበረች። ፋብሪካ ተቀጠረች፤ ክር ስትፈትል ጎለመሰች፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ የነበረውን አዘዘን እዚያው አገኘችው፣ አገባችው። በዚያችው ከተማ ወለደች፤ በዚያችው ከተማ ቀበረች። ይህን ሁሉ ዘመን ስትኖር ግን ጣናን አንድም ቀን በጀልባ ተሻግራ አታውቅም። ሐይቁ ለእሷ ከሥራ ስትመለስ በዛፎቹ መካከል ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነገር ነበር። ከሐይቁ ማዶ ያለችውን ዘጌንም የምታውቃት ገበያ በሚወጣው ቡናዋና ሎሚዋ ነው። ነገ እንሄዳለን፣ ልጅቷ ከፍ ትበልና እንሄዳለን ሲባባሉ ዕድሜው ሄደ።

የቀበረቻት ልጅ ፀደንያ ትባላለች። አንድያቸው ነበረች። ፔዳ በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለች ጠዋት ጠዋት ፊቷ ማበጥ ጀመረ። ኩላሊት ነው ተባለ። ክረምቱን ሙሉ ሆስፒታል ተመላለሱ፤ አዲስ አበባም ወስደው አመጧት። ጥምቀት ሲደርስ አልቻለችም።

ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ በየፊናቸው ሆኑ። የብርጓል ሥራ ላይ ወደቀች፤ የሌላ ሰው ተራ ሳይቀር እየወሰደች ከፋብሪካው መኪና ጩኸት አልወጣ አለች። አዘዘ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ላይ ወደቀ። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደዚያ ነው፤ ቤት የሚገባው ለመኝታ ብቻ ሆነ። ሰውነቱ ከሳ፤ ንግግሩም አነሰ። የልጃቸውን ስም ግን ሁለቱም አይጠሩም። አንደኛው የጠራው እንደሆነ ሌላኛው የሚፈርስ ይመስላቸው ነበር።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ አዘዘ ነጠላውን ሳያወልቅ በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

«የብርጓል፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንቢ ካልሽኝ ሁለተኛ አላነሣውም።»

«ምንድን ነው?»

«ገዳም ልገባ አስቤአለሁ። ለሱባዔ አይደለም፤ ለሁልጊዜው ነው። የገዳሙን አበምኔት አባ ወልደ ሐዋርያትን አማከርኋቸው። ‹ሚስትህ በሙሉ ልቧ ካልፈቀደችልህ በራችንን እንዳትረግጥ› አሉኝ።»

‹እኔስ የት ልግባ?› ልትለው ብላ ተወችው። ዕቃ ማጠቧን ቀጠለች። ሳምንት አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። አዘዘ ቃሉን ጠብቆ አላነሣውም። አያስቸኩላትም፤ አይለማመጣትም። እንዲያውም ይኸው ዝምታው ነው የከበዳት። የሆሳዕና ማግስት ሥራ ልትወጣ በሩ ላይ ቆመችና መለስ አለች።

«ሂድ» አለችው። «ፈቅጄአለሁ። ግን አንድ ቀን ትሰጠኛለህ። ከፋሲካ በኋላ፣ እንደ ቱሪስት ከተማችንን እናያለን። ጀልባ እንሳፈራለን፤ ምሳችንን ውጭ እንበላለን። ያን ቀን ስለ ገዳም አንዲት ቃል አትተነፍስም።»

«እሺ» አለ አዘዘ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ቀጠሯቸው የግንቦት ቅዳሜ ሆነ። ገና ከማለዳው አየሩ ይጋረፋል፤ ነፋስ የሚባል የለም። የብርጓል ለሰው ሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ለበሰች፤ ጃንጥላ ያዘች። አዘዘ ኮት ደርቦ ብቅ ሲል ሳቋ አመለጣት።

«በዚህ ሙቀት ኮት? ልትታመም ነው እንዴ? አውልቀው!»

«እንግዳ ሰው እንዲህ አይደል የሚለብሰው?» አለ፤ አውልቆም ክንዱ ላይ ጣል አደረገው። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲቀልድ ሰማችው።

በባጃጅ ወደብ ወረዱ። ጀልባ ነጂው ባምላክ የሚባል፣ ፊቱን ፀሐይ ያጠቆረው ጎልማሳ ነው። ከወዴት እንደመጡ ጠየቃቸው።

«ከዚሁ ነን» አለችው የብርጓል።

«ከዚሁ?» ብሎ ሳቀ። «እንኳን መጣችሁልኝ። ድሮ በፈረንጁ ብዛት ምሳ የምበላበት ጊዜ አጣ ነበር። ይኸው አሁን ጀልባዬ ታስራ ነው የምትውል።»

ሐይቁ እንደ መስተዋት ተኝቷል። የደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ዓሣ አጥማጆች አልፎ አልፎ ይታያሉ፤ ነጫጭ ትልልቅ ወፎች ውሃው ላይ ተቀምጠው ጀልባዋ አጠገባቸው ስትደርስ እንኳ አይነሡም። የብርጓል እጇን ውሃው ውስጥ ነከረች። ለብ ያለ ነበር። አዘዘ ጃንጥላውን ከላይዋ ይዞላት ተቀምጧል፤ የእሱ ራስ ፀሐይ ላይ ነው።

ከትንሽ በኋላ በዛፍ የተሸፈነች ደሴት ታየች። ባምላክ እንደ ልማዱ ሞተሩን ቀነስ አደረገና ያስጎበኝ ጀመር።

«ይኼ የወንዶች ገዳም ነው። ሴት አትረግጠውም። እመቤቴ፣ እርስዎ ከዚህ ሆነው ነው የሚሳለሙት። ጋሼ ከፈለጉ ግን ላውርድዎት፤ እኛ እንጠብቅዎታለን።»

አዘዘ ሊገባ ያሰበው እዚሁ ነበር። ባምላክ ይህን ከየት ይወቅ! የብርጓል ነጠላዋን አጣፍታ ተነሣችና ተሳለመች። ዳሩ ላይ አንድ መነኩሴ ጎንበስ ብለው ውሃ ይቀዳሉ፤ ከእሳቸው በቀር የሚታይ ሰው የለም። አዘዘ ወደ ደሴቷ አላየም። የጀልባዋን ወለል ነበር የሚያየው።

«አይ፣ አልወርድም» አለ። «ዛሬ አብረን ነን።»

ዘጌ ሲደርሱ ፀሐይዋ አናት ላይ ወጥታለች። በቡናው ጫካ መካከል ያለችው የእግር መንገድ ግን ጥላ ነበራት፤ ቀስ እያሉ፣ የዛፍ ሥር ላይ እየተቀመጡ ወጡ። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርሱ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ውስጡ ቀዝቃዛና ጨለም ያለ ነው። አንድ ሽማግሌ ካህን በዘንጋቸው ሥዕሎቹን እያመለከቱ ያስረዷቸው ጀመር፤ ይኼ ቅዱስ እንትና ነው፣ ይኼ ፈረሱ ነው፣ እዚህ ጋ ደግሞ ንጉሡ ሲወድቅ ነው ይላሉ። የብርጓል ትሰማለች እንጂ ዓይኗ አዘዘ ላይ ነበር። ወደ መቅደሱ በር ዞሮ ቆሟል። ፊቱ ላይ ያ የለመደችው ጭንቀት የለም። ልጃቸው ከሞተች ወዲህ እንዲህ ያለ ፊት ቤታቸው ውስጥ አላየችም፤ ከባድ ሸክም አውርዶ ወገቡን ያቃና ሰው ነበር የሚመስለው።

ያን ጊዜ ገባት። ቀኑን የጠየቀችው ሐሳቡን ያስቀይረው እንደሆነ ብላ ነበር፤ ለራሷም እንኳ ሳትነግር የደበቀችው ምክንያት ይኸው ነው። ብትይዘው የምትይዘው ሥጋውን ብቻ እንደሆነ አሁን አየች። ካህኑ «ይህን አዩልኝ ወይ?» ሲሏት «አየሁ አባቴ፣ አየሁ» አለቻቸው።

ተመልሰው ሐይቁ ዳር፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ካለ ምግብ ቤት ተቀመጡ። ቆሮሶ የሚባለው የጣና ዓሣ ሙሉውን ተጠብሶ፣ ከዳጣ ጋር ቀረበላቸው። ሁለቱም ብዙም ሳይነኩት ቆየ። ውሃ ጠጡ፤ ላባቸውን ጠረጉ። አጠገባቸው አንድ ቤተሰብ የልጁን ልደት እያከበረ ይንጫጫል። በመጨረሻ የብርጓል ተናገረች።

«የማናነሣውን ላነሣ ነው። ስለ ገዳሙ ግን አይደለም» አለች። «ስለ ፀደንያ ነው።»

አዘዘ ቀና አለ።

«አንተ ስትሄድ እሷን የሚያውቃት ማን ይቀርልኛል? ጎረቤቱ ስሟን ነው የሚያውቀው። ሕፃን ሆና እንዴት እንደምትስቅ የምናውቀው እኔና አንተ ነን። ግማሹ አንተ ዘንድ ነው ያለው። ይዘኸው ልትገባ ነው እኮ!»

አዘዘ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። ከዚያ «እሰጥሻለሁ» አላት። «ያለኝን ሁሉ እሰጥሻለሁ።»

መናገርም ጀመረ። አራተኛ ክፍል ሳለች ፀጉሯን በመቀስ ጎምዳ የጎረቤት ፍየል በላችብኝ እንዳለችው ነገራት። ሒሳብ የወደቀች ጊዜ ለእናቷ እንዳይነግር እንዳስማለችው፣ በብስክሌት አስቀምጧት በጎዳናው ዘንባባዎች ሥር ሲያልፉ ዓይኗን ጨፍና ጥላና ፀሐዩን በፊቷ ትቆጥር እንደነበር ነገራት። የብርጓልም የእሷን አወጣች። ዩኒቨርሲቲ የገባች ሰሞን አንድ ሀዲስ የሚባል ልጅ ወድዳ እንደነበር አዘዘ እስከዚያች ቀን አያውቅም።

«ሀዲስ? ያ ረጅሙ? ለቅሶ ላይ ቆሞ የነበረው?»

«እሱ ነው።»

«አይ ልጄ!» ብሎ ሳቀ፤ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረና ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ልጃቸውን አንሥተው አብረው ሲያለቅሱ ይኼ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሲረጋጋ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ የቀረኝ አለ። እሱን ልናገረው አልቻልሁም ነበር። የመጨረሻው ሰሞን፣ አንቺ ውሃ ልታመጪ ወጥተሽ፣ ጠራችኝ። ‹አባዬ፣ እማዬ ብቻዋን ስትሆን ምሳ አትበላም። አንተ እያየህ አብላት› አለችኝ። እሺ አልኋት። እሺ ብያት ነው እንግዲህ የምሄድብሽ። ሌሊት የሚያስነሣኝ ይኼ ነው፤ ንስሐ ብገባበትም አልወጣልኝም።»

የብርጓል ሳህኑን ወደ ራሷ ሳበችው። ከዓሣው ቆርሳ ዳጣ ነካች፤ ጎረሰች። እንደገና ቆረሰች። በውሃ እየገፋች፣ አጥንቱን በጥንቃቄ እያወጣች፣ እያየችው በላች። አዘዘ ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም። ሳህኑ ላይ አጥንት ብቻ ሲቀር እጇን ጠረገች።

«አየኸኝ?» አለችው።

«አየሁሽ።»

«በቃ። አብልተኸኛል። ቃልህን ጠብቀሃል። ከእንግዲህ በእኔ በኩል አትጠየቅም።»

ፀሐይዋ በረድ ስትል ወደ ዓባይ ድልድይ ሄደው ጉማሬ ለማየት ብዙ ቆሙ፤ ጉማሬው ግን አልወጣም። ቤታቸው የገቡት በእግራቸው ነው።

አዘዘ በሳምንቱ ሄደ። ወደቡ ድረስ ሸኘችው። ኮቱን እሷው ዘንድ ትቶላት ሄደ፤ ለማን እንደምትሰጠው ጠይቃው «ላገኘሽው ስጪው» ብሏት ነበር፤ እሷ ግን አልሰጠችውም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ቤቱ ሰፍቶባት ከረመች። ሰዎች ባሏ ጥሏት እንደሄደ አድርገው ሲያዝኑላት ትቆጣለች፤ ባሏ በመመንኮሱ ታድለሻል ሲሏትም ትቆጣለች።

በቀጣዩ ጥር ላይ፣ ከሥራ ባልደረባዋ ከእሌኒ ጋር በወደቡ በኩል ስታልፍ፣ ለገዳሙ እህል የሚጭኑ ሰዎች አየች። አንደኛው ቢጫ የተነከረ ልብስ የለበሰ፣ ጢሙ የወረደ ሰው ነው። ኩንታሉን ከትከሻው አውርዶ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ከስቷል፤ ግን ደኅና ነበር። አንገቱን ዝቅ አደረገላት።

«እንደምን ነሽ፣ እኅቴ?» አላት።

የብርዬ ብሏት ያውቃል፣ አንቺ ብሏት ያውቃል፣ የፀዲ እናት ብሏት ያውቃል። እኅቴ ብሏት ግን አያውቅም። ምን ብላ እንደምትመልስ ሳታስበው አፏ ቀደማት።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ እንደምን ነዎት?»

«ይመስገን» አለ።  ከጀልባው ሰው ሲጣራው ሰማ፤ ኩንታሉን አነሣና ሄደ።

እሌኒ ፋብሪካ ከገባች ገና ወራቷ ነው። «ማን ናቸው?» ብላ ጠየቀቻት።

«የልጄ አባት ናቸው» አለች የብርጓል፤ ለፀሐዩ ነጠላዋን ራሷ ላይ መለስ አድርጋ መንገዷን ቀጠለች።