ከአንድ ጨርቅ የተሰፉ ሁለት ዩኒፎርሞች

እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩት ልጅ ለማድረስ ብቻ ነው፣ ያውም እስከ በሩ። ዘበኛው «እማማ፣ ከዚህ ይበቃል» ይለኝና እመለሳለሁ። ይሄን የምናገረውን የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት። አሁን እንኳ «እማዬ ቀስ በይ፣ አልደረስኩብሽም» እያለች ታጉረመርማለች። እጇን ይዤ ያደረስኳት እኔ፣ ዛሬ የምታዘኝ እሷ።

ያኔ ትንሽ ነበረች። እናቷ ባቢሌ ጤና ጣቢያ ስለምትሠራ ጅጅጋ እኔ ጋ ነው ያደገችው። በቆርቆሮ አጥር የምንዋሰነው ጎረቤቴ ቤት ደግሞ እኩያዋ የሆነች ሌላ የልጅ ልጅ ነበረች። ጎረቤቴ ሶማሌ ናት፣ ገበያ የግመል ወተት ትሸጣለች። እኔን «አባዮ» ነው የምትለኝ፣ እህቴ ማለቷ ነው። ዝም ብላም አይደለም። መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ ባሌ እንደወጣ ሲቀር፣ ቤቴን እንፈትሻለን ብለው የመጡትን ጎረምሶች በሬ ላይ ቆማ «የእህቴ ቤት ነው፣ መጀመሪያ የእኔን ፈትሹ» ያለቻቸው እሷ ናት። ከአጥሩ አንድ ቆርቆሮ ያን ሰሞን ነቀልን፣ መልሰን አልመታነውም። ከዚያ ወዲያ ልጁም፣ ድመቱም፣ የምግብ ሳህኑም በዚያ ነው የሚያልፈው።

ልጆቹ ለትምህርት ሲደርሱ ሁለታችን ተቀምጠን ተማከርን። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ የአገሩ ልጅም ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣው የመምህርና የወታደር ልጅም አንድ ላይ የሚማርበት ትምህርት ቤት ነበር። እዚያ እናስገባቸው ተባባልን። የእሷ ልጅ ሳይነጋ ዱግሲ ሄዳ ቁርአኗን ትቀራለች፣ የእኔዋ እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት ትሄዳለች፣ በቀረው ሰዓት ሁለቱም አንድ ወንበር ላይ ናቸው። ለፈጣሪ የራሱ ሰዓት፣ ለሂሳብ የራሱ ሰዓት።

«ሳትነግሪኝ እንዳታስወጫት» አለችኝ።

«አንቺም» አልኳት። እጅ ለእጅ ተማታን።

ዩኒፎርማቸው ከአንድ ጨርቅ ነበር የሚቆረጠው። አንድ ዓመት ጨርቁን እኔ ስገዛ የልብስ ሰፊውን ዋጋ እሷ ትችላለች፣ በሚቀጥለው ይገለበጣል። ልብስ ሰፊው ገና ከሩቅ ሲያየን «የመንታዎቹ አያቶች መጡ» ይላል። የእሷ ልጅ ጉርድ እስከ ቁርጭምጭሚት ስለሚወርድ ጨርቅ ትፈጃለች፣ እኔም «አንቺ እኮ የእኔን ልጅ ጉርድ እያሳጠርሽ ነው» እያልኩ እቀልድባት ነበር።

በኋላ ቤተ ክርስቲያናችን የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ። የማኅበራችን ሴቶች ያዙኝ። ልጅቷን አምጪ፣ ቦታ አስይዘንላታል፣ ከራሷ ወገን ጋር ትማር አሉ። አንዷማ ልጅቷ ማዕድ ላይ «ቢስሚላህ» ስትል ሰምቻለሁ ብላ ተቆጣች። ከ«በስመ አብ» ጋር ደርባ ካለችው ምግቡ አይመርዛትም ብዬ ሳቅሁ። ብቻዬን ነው የሳቅሁት። ቃል አለብኝ አልኳቸው፣ ቦታውም ለሌላ ልጅ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማኅበር ስገባ ወሬያቸውን አቋርጠው ስለ በርበሬ መወደድ ያወራሉ። በአንድ ወር ስለ በርበሬ የሰማሁት ዕድሜ ልኬን ይበቃኛል። ግድ የለኝም፣ እህት አለችኝ ብዬ እመጣለሁ።

በዚያው ዓመት ጨርቅ መግዛቱ የእኔ ተራ ነበር። ክረምቱ ሲያልቅ ገዛሁ፣ አሰፋሁ፣ በቆርቆሮው ሾልኬ ይዤላት ሄድኩ። ተቀበለችኝ። ልጅቷ ትከሻ ላይ ዘርግታ ለካችው፣ «ማሻአላህ፣ ዘንድሮስ አሳመረው፣ አላህ ዕድሜ ይስጥሽ አባዮ» አለችኝ። ወተት የበዛበት ሻይዋን ቀዳችልኝ። ልጅቷ ብቻ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ሌላ ጊዜ ብትሆን አዲስ ልብስ ስታይ ግቢውን ትዞረዋለች። አሟት ይሆናል ብዬ ግንባሯን ዳሰስኩ፣ አላተኮሳትም።

ትምህርት ሲከፈት ልጅቷ የለችም። ቱሊ ጉሌድ አባቷ ጋ ሄዳለች፣ ትመጣለች አለችኝ። አመንኳት። ለምን አላምናትም?

ከዚያ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ልጆች ቦርሳ አዝለው ይሄዳሉ። በእሁድ የምን ቦርሳ ነው እያልኩ ቆሜ አየኋቸው። ሴቶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ቡናማ ጅልባብ ለብሰዋል። ለካ አዲስ የተከፈተው የእስላም ትምህርት ቤት ሐሙስና አርብ ዘግቶ እሁድ ያስተምራል። ከመሃላቸው አንዷ አየችኝና ጓደኛዋ ጀርባ ተደበቀች። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ከእኔ ተደበቀች። ነጠላዬን ሳላወርድ በቆርቆሮው ገባሁ። ጎረቤቴ የወተት እቃዋን በጭስ እያጠነች ነበር።

«እሁድ ትምህርት ተጀመረ እንዴ?» አልኳት።

ቀና አላለችም። «አባቷ ነው የወሰነው።»

«ሃይማኖቷን ትማር፣ ማን ይከለክላታል? ለእኔ መንገር ምን ነበረበት?»

«ብነግርሽ ታስቀሪኝ ነበራ።»

«ዩኒፎርሙንስ ለምን ተቀበልሽኝ?»

ጭሱ ነው መሰል ዓይኗን ጠረገች፣ የእኔንም ጭሱ ነው ብያለሁ።

ትምህርት ቤቱ አይደለም ያንገበገበኝ። እውነቱን ለመናገር አባትየውም አይፈረድበትም፣ ልጁ ሃይማኖቷን ጠንቅቃ እንድታውቅ ፈለገ፣ የማኅበሬ ሴቶችም ያንኑ ነው የሚሉት። ያንገበገበኝ ያ ሻይ ነው። ዕድሜ ይስጥሽ እያለች የቀዳችልኝ ሻይ። እኔ ለእሷ ብዬ ከስንቱ ጋር ተኮራርፌ፣ እሷ ፊቴ ላይ ጨርቅ ትለካለች።

የማኅበሩ ሴቶች ወሬው እንደደረሳቸው በርበሬውን ተዉትና አላልንሽም ወይ አሉኝ። አሁንም አልረፈደም፣ ልጅቷን አምጪ አሉ። አላመጣም አልኩ። በጎነት እንዳይመስላችሁ፣ እልህ ነው። የልጅ ልጄም ብቻዋን እየሄደች እርሳስ ከሚያኝክ ልጅ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ደግሞ መዶሻ ተውሼ ያንን ቆርቆሮ በሚስማር መታሁት። ሚስማሩ ተጣመመ፣ ጣቴም አበጠ፣ ግን መታሁት።

በኋላ አንድ አርብ ጠዋት ጎረቤቴ ገበያ ከወረደች በኋላ ቆርቆሮው ቀስ ብሎ ተንኳኳ።

«አዬዮ፣ ክፈቺልኝ» አለች የጎረቤቴ ትንሿ። አዬዮ በእነሱ ቋንቋ አያት ነው። ሁለቱም ልጆች እኔን በዚያ ስም ሲጠሩኝ አንጀቴ አይችልም፣ ያውቁበታል። በጉጠት ሚስማሩን ነቀልኩት። ልጅቷ ሾልካ ገባችና ጅልባቧን ገለጥ አደረገች። ከሥሩ እኔ ያሰፋሁትን ዩኒፎርም ለብሳለች።

«ዛሬ እኛ ጋ ዝግ ነው» አለች።

«እኛ ጋ ግን ክፍት ነው» አለች የእኔዋ፣ ለካ ተመካክረው ጨርሰዋል።

ልጅቷን መመለስ ነበረብኝ? እንጃ። ሁለቱንም በግራና በቀኝ ይዤ ወጣሁ። መምህርቷ ከጎጃም ተመድባ የመጣች ናት፣ በሩ ላይ መጥታ ፈቃድ አላት ወይ አለችኝ። እኔ ማንበብ አልችልም፣ ፈቃድ ምን እንደሚመስል አላውቅም አልኳት። አፏን በእጇ ይዛ ሳቀችና እርሳስ የሚያኝከውን ልጅ ጠጋ በል አለችው። ለጁምዓ ሶላት ልጆቹ ሲለቀቁ ዩኒፎርሙን እኔ ቤት አውልቃ በቆርቆሮው ተመለሰች። ከዚያ አርብ አርብ እንዲህ ሆነ። ልብሱን አጥቤ የማቆየው እኔ ነበርኩ።

ግን ጅጅጋ ሰው ያያል። አንድ አርብ ከሰዓት ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች፤ ከተኮራረፍን ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

«አባዮ፣ ልጅቷን በአርብ የት ነው የምትወስጃት?»

«ትምህርት ቤት።»

«ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ታስቀሪያት ነበራ» አልኳት።

ትስቃለች ብዬ ነበር። በወጣትነታችን ብትሆን ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር። እሷ ግን እኔ በዚያ እሁድ የቆምኩትን አቋቋም ቆመች።

ማታውን ከወዲያ በኩል ሚስማር ሲመታ ሰማሁ። በእኔ በኩል የመታሁት ተጣሞ ነበር፣ የእሷ ግን አንዱም አልተጣመመም፣ ሁልጊዜም እጇ ከእኔ ይበረታል። ዩኒፎርሙ ገመድ ላይ ነበር፣ ገና አልደረቀም።