መለኪያው የወረደበት ዳገት

አርኖቢዮ ኪሴኖ ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነው። በተራራማዋ ከተማችን በሳንታ ሪታ ሰው በሞተር ሳይክል ማመላለስ ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመት አልፎታል። እኛ አገር መንገዱ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። ሜዳ የሚባለው የኳስ ሜዳው ብቻ ሲሆን እሱም ወደ አንድ ጎኑ ያዘነብላል። ስለዚህ የሞተር ነገር እኛ ዘንድ እንደ ቀልድ አይታይም።

ከሁለት ዓመት በፊት የድሮ ሞተሩ ዳገት ላይ ከመጠን በላይ ግሎ ፒስተኑ ተጣብቆ ቀረ። አርኖቢዮ ያለውን ሁሉ አሟጦ በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ገዛ። በከተማችን እንዲህ ያለ ሞተር ያለው እሱ ብቻ ነው፤ የሌሎቹን የሚያቀዘቅዛቸው ንፋስ ነው። አብሮ የመጣውን መምሪያ ከጸሎት መጽሐፉ ጎን አስቀምጦ በየማታው በጣቱ እየተከተለ አነበበው። ትምህርቱ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። ያልገባውን ገጽ እስኪገባው ድረስ ይመላለስበት ነበር። ለእንዲህ ዓይነቱ ትጋት እግዚአብሔር ዓይኑን ይገልጥለታል ብዬ አምናለሁ፤ ለእኔም ገልጦልኛልና።

በመሪው መሀል ስድስት ትንንሽ መስመሮች አሉ። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ ምን ያህል እንደሞቀ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ሦስት ሲበሩ ጤና ነው። አራተኛው ሲበራ ማራገቢያው ራሱ ይነሳል። አምስት ከሆኑ ጥላ ፈልጎ መቆም ነው። ስድስተኛውን አርኖቢዮ አይቶት አያውቅም፤ ማየትም አይፈልግም።

ሰዎቹ ይስቁበታል። ከሁሉ በላይ የሚስቀው አበልጁ ሊዮኔል ነው፤ መካኒክ ነው።

«አበልጄ፣ ሞተሯ ወባ ይዟታል እንዴ? ቀኑን ሙሉ ትኩሳቷን ስትለካ ነው የማይህ።»

«እኔ ስለለካሁ ነው ደጅህ የማልመጣው። ያልለኩትማ አንተ ጋ ተሰልፈው የለ!»

ዘንድሮ ሾፌሮቹ ለበዓሉ ዕጣ ስማቸውን ከሚጥሉበት ሄልሜት ውስጥ የአርኖቢዮ ስም ወጣ። የቀርሜሎስ እመቤታችን የሾፌሮች ጠባቂ ናት። በበዓሏ ቀን ከእንጨት የተቀረጸው ምስሏ ዕጣ በደረሰው ሞተር ላይ ሆኖ ከድልድዩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ይወጣል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ስሙን ሄልሜቱ ውስጥ ሲጥል፣ ሲወጣለት ይህ የመጀመሪያው ነው። የዚያን ቀን ሲያለቅስ አየሁት።

አንድ ሕግ አለ። እመቤታችን ከድልድዩ ከተነሳች የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሳትደርስ አትቆምም። ከቆመች «ተሸካሚውን አልወደደችውም» ይባላል። ይህ በመጽሐፍ የተጻፈ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቄሳችን አባ ሲልቪዮም ደጋግመው ተናግረዋል። ሰው ግን አይሰማም። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ምስሏን ይዞ ሲወጣ የሾፌሩ የኤቬሊዮ ሞተር ዳገቱ ላይ ጠፍቶ ቆመበት። ከዚያ በኋላ ማንም ከኋላው ሊቀመጥ አልፈለገም። ሦስት ወር ባዶውን ተመላልሶ ወደ ባሕሩ ጠረፍ ተሰደደ። አርኖቢዮ ዕጣው ሲወጣለት የተቀበለው ክብሩን ብቻ አልነበረም፤ እንጀራውንም አብሮ ማስያዙን ያውቅ ነበር።

የአበባ ኮሚቴው ኃላፊ እትዬ ፋቢዮላ ናቸው። ስድሳ አምስት ዓመታቸው ቢሆንም ድምፃቸው የሃያ ዓመት ነው። በበዓሉ ጠዋት ሞተሩን በሽቦ ቅስት አጥረው በጽጌረዳ ሊሸፍኑት ሲሉ አርኖቢዮ ውሃውን በንፋስ በሚያቀዘቅዘው ራዲያተር ፊት እጁን ዘርግቶ ቆመ።

«እትዬ፣ እዚህ ጋ አይሆንም። ሞተሯ የምትተነፍሰው በዚህ ነው። በሰው እርምጃ እያዘገመች ነው የምትወጣው፤ ንፋስ የላትም።»

«አንተ ሰውዬ! ለእመቤታችን አበባ ትሰስታለህ?»

«ለእሷ አልሰስትም። ግን ሞተሯ ከታፈነች የምታፍሩት እናንተም ናችሁ።»

«እሺ፣ እሺ! መስኮት እንተውላታለን!» አሉና ለራዲያተሩ ሁለት መዳፍ የሚያህል ክፍት ቦታ ተዉ። ቅስቱ እንዳይወዛወዝ ግን ሽቦውን ከታች እጃቸው በደረሰበት ነገር ላይ ጠምጥመው በፒንሳ አጠበቁት። ያ ነገር ወደ ራዲያተሩ የሚገባው ጥቁር የውሃ ቱቦ ነበር። አርኖቢዮ ምስሏን ከኋላ ሲያስር ስለነበር አላየም። በመጨረሻ አበባው እንዳይጠወልግ ሁለት ባልዲ ውሃ ረጩበት።

እኩለ ቀን ላይ ተነሳን። ከፊት አርኖቢዮ፣ ከጎኑ ሊዮኔል በእግሩ፣ ከኋላ መዘምራኑ፣ እኔም ከእነሱ ጋር፤ ከእኛ ኋላ ደግሞ ሰማንያ ሞተር ክላክሱን እያንባረቀ። ፀሐዩ ከአናት ይወርዳል፤ ከድንጋይ ንጣፉም መልሶ ይወጣል።

መጀመሪያው ዳገት ላይ አራተኛው መስመር በራ። ማራገቢያው ተነስቶ ጉም ጉም ማለት ጀመረ። አርኖቢዮ ፈገግ አለ። ያሰበው ልክ እንዲሁ ነበር፤ በዚህ ዓይነት እስከ ላይ ትደርሳለች።

ዳቦ ቤቱ ጋ ስንደርስ መስመሮቹ ሦስት ሆኑ። ወዲያው ሁለት። ማራገቢያው ዝም አለ።

ሊዮኔል አንገቱን አስግጎ አየና ጮኸ፦ «ተመስገን! በረደች! አየህ አበልጄ፣ እመቤታችን ራሷ እያራገበችላት ነው!»

መዘምራኑ ሰምተው እልል አሉ። እኔም ልቤ ሞቀ፤ አልዋሽም።

አርኖቢዮ ግን ፊቱ ተለወጠ። መስመሩ አንድ ብቻ ቀረ።

«ሊዮኔል፣ አንድ ሞተር በዚህ ፀሐይ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ዳገት እየወጣ ይበርዳል?»

«ታምር ከሆነማ...»

«ታምሩን ተወውና ከሥር የሚንጠባጠበውን ንካልኝ።»

«የአበባው ውሃ ነው እንጂ።»

«ንካው አልኩህ!»

ሊዮኔል እየተራመደ ጎንበስ ብሎ ጽጌረዳዎቹ ውስጥ እጁን ሰደደ። ሲያወጣው ጣቶቹ ላይ የነበረው ውሃ አረንጓዴ ነው። ሞቃትና ሙልጭልጭ ያለ፣ ሽታው የሚጣፍጥ። የሞተሩ ማቀዝቀዣ ውሃ እንደዚያ ነው፤ መካኒክ ነውና ሌላ ማብራሪያ አልፈለገም። «ወይኔ» ብቻ አለ። መሪው በዞረ ቁጥር ሽቦው ቱቦውን እንደ መጋዝ ሲበላው ቆይቶ በጥሶታል። መለኪያው የሚያውቀው በውሃ ሲነካ ብቻ ነው። ውሃው ሲያልቅ ባዶ ቦታ ላይ ተንጠልጥሎ ‹ቀዝቃዛ ነው› ይላል፤ ሞተሩ እየነደደም ቢሆን።

የቀረው ሦስት መቶ ሜትር ነው። አርኖቢዮ ዝም ብሎ ቢነዳ እመቤታችን ሳትቆም ትገባለች፤ ሞተሩ ግን ደጃፉ ላይ ይሞታል፤ ሌላ የሚገዛበት የለውም። አጥፍቶ ቢቆም የኤቬሊዮ ዕጣ ነው። ይህን ለማሰብ የነበረው ጊዜ ምናልባት አሥር እርምጃ ነው።

ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አርኖቢዮ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም።

«ሊዮኔል! ከኋላ ያዘኝ! እትዬ ፋቢዮላ፣ መዝሙሩን ትተው ይምጡ፣ ግፉ! ሳትቆም ግፉኝ! ላጠፋው ነው!»

«ምን ሆነህ ነው?» አሉ እትዬ።

«በኋላ እነግርዎታለሁ፤ አሁን ይግፉ!»

ሊዮኔል ትከሻውን ከምስሏ በታች ካለው ብረት ጋር ገጠመ። እትዬ ፋቢዮላ የበዓል ቀሚሳቸውን ሰብስበው በአንድ እጅ ያዙ፤ በሌላው ገፉ። እኔም ገባሁ፤ ሌሎች ሁለት ሴቶችም ገቡ። አርኖቢዮ ፍሪሲዮኑን ጨምቆ ቁልፉን አጠፋ። የሞተሩ ድምፅ ሞተ። ጎማው ግን አልቆመም። ለአንድ አፍታ ዝግ አለ፤ ሊዮኔል «ኧረ በናታችሁ!» ሲል ሁላችንም ባለ ኃይላችን ገፋን፤ እንደገና ተንቀሳቀሰ።

ከኋላ ያሉት ሾፌሮች ክላክሳቸውን ዝም አሰኙ። በዚያ ዳገት ላይ የሚሰማው የእኛ ትንፋሽና የእትዬ ፋቢዮላ ማጉረምረም ብቻ ነበር፦ «እመቤቴ ይቅር በይኝ፣ ግን ከብደሻል።»

ደጃፉ ላይ ደረስን። አባ ሲልቪዮ ጠበል ይዘው ቆመዋል። ከሾፌሮቹ አንዱ ወዲያው ተነሳ፦ «አባ፣ ይሄ ይቆጠራል? በሞተር እኮ አልመጣችም፤ በሰው ተገፍታ ነው።»

አባ ሞተሩን አዩ፤ ላብ ያጠመቀንን እኛን አዩ። «ወደ ግብፅ ስትሰደድስ በሞተር ነበር እንዴ የሄደችው?» አሉ። «መቆም አልቆመችም። ግቡ።»

ሰው ሳቀ፤ ገባን። ግን በሳቅ የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነ አርኖቢዮም እኔም እናውቅ ነበር።

በማግስቱ ሊዮኔል ቱቦውን ለወጠ፤ ውሃውን ሞላ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሳ፤ ምንም አልተጎዳም። «ሃምሳ ሜትር ብትጨምር ኖሮ አስከሬን ነበር የምታመጣልኝ» አለና ዋጋ አልቀበልም አለ።

ሰኞ ጠዋት አርኖቢዮ መቆሚያው ላይ ተሰለፈ። ተራው ደረሰ። አንዲት ሴት ወደ እሱ መጥታ አመነታችና ከኋላው ያለውን ሞተር ያዘች። ሁለተኛው ሰውም እንዲሁ አደረገ። ሦስተኛው ዓይኑን እንኳ አላነሳም። አርኖቢዮ መሪውን ይዞ መስመሮቹን ያያል፤ ሞተሩ ግን አልተነሳም፣ የሚታይ ነገር የለም።

ሁለት ሰዓት ያህል እንዲህ ቆየ። ከዚያ እትዬ ፋቢዮላ ወገባቸውን ደግፈው ከገበያው በኩል ብቅ አሉ። መቆሚያው በሰው ተሞልቷል። እሳቸው ደግሞ ቀስ ብለው መናገር አያውቁበትም።

«አርኖቢዮ! ወገቤን የሰበርከው አንተ ነህ፤ ሐኪም ቤት የምታደርሰኝም አንተ ነህ! ሽቦውን ያሰርኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የሰማ ይስማ! እመቤታችንን በእጄ ገፍቼ ያስገባሁበት ሞተር ነው፤ ከዚህ የተባረከ ሞተር ካለ አሳዩኝ!»

እትዬ «ዝቅ አድርግልኝ እንጂ፣ እግሬ አይነሳም» አሉ፤ አርኖቢዮ ሞተሩን ወደ ጎን አዘነበለላቸው፤ እዚያው የነበረው ሊዮኔል ብብታቸውን ደግፎ አስቀመጣቸው።

ሞተሩ ተነሳ። አርኖቢዮ ሦስተኛው መስመር እስኪበራ ጠበቀ።

«ምን ትጠብቃለህ? እያመመኝ እኮ ነው!»

«ትሙቅ እንጂ፣ እትዬ።»

ሲመለስ ሁለት ሰዎች ቆመው እየጠበቁት ነበር።