ከዘንገና እስከ ግድቡ የታሰረው ቀይ ሪባን

ደጊቱ የመጀመሪያውን ሪባን ያየችው በጥቅምት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ፈረሷን ሣር ልታስግጥ ወደ ጨፌው ስትወርድ ነው። ከድንች ማሳዋ ድንበር ባለችው ኮሶ ላይ ታስሯል፤ ክንድ የማይሞላ ቀይ ላስቲክ። ነፋስ ያመጣው እንዳይባል ቋጠሮው የሰው እጅ ነው። ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ሁለተኛው፣ ከዚያ ወዲያ ከቀርከሃው ላይ ሦስተኛው ይውለበለባል። የፈረሷን ገመድ እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

ቀይ ምልክት ምን ይዞ እንደሚመጣ ታውቃለች። የተዳረችበት መንደር ከዚህ ሁለት ኮረብታ ማዶ ነበር። አንድ በጋ ሰዎች ባለሦስት እግር መነጽር ተሸክመው መጡና ድንጋይ እየመረጡ ቀይ ቀለም ቀቡ። ባሏ አወቀ ጠላ አቀረበላቸውና "ምንድን ነው ጌቶቼ?" ቢላቸው፣ "ግድ የለም፣ ለጥናት ነው" አሉት። ከዚያ ግድብ ተሠራ። በሦስተኛው ክረምት የገብስ ማሳቸውም፣ ጎጇቸውም፣ ጥላ ሥር ቁጭ የሚሉባት ዋርካም ከውሃ በታች ሆኑ። ምትክ ተብሎ የደረሳቸው ይህ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ያለው ቁራጭ መሬት ነው። አወቀ በአዲሱ መሬት ሁለት ዓመት ብቻ ኖሮ ሞተ። ሰው ጉበቱን ነው አለ፤ እሷ ግን ምን እንደገደለው የሚነግራት አልፈለገችም።

እና ያን ቀን ሥራዋን ትታ ሪባኑን ተከተለች። ቀርከሃውን አቋረጠ፤ ለከሰል የተተከለውን የዲከረንስ ግራር አለፈ፤ ከአስታ ቁጥቋጦና ከጓሳ ሣር በቀር ምንም ወደማይበቅልበት፣ ነፋስ ወደሚያፏጭበት ራቁት ሜዳ ወጣ። ከዚያ ቁልቁል ወረደና ግድቡ ዳር፣ ውሃው አፍ ላይ አደረሳት። ከግድቡ ወዲያ ምልክት ይኑር አይኑር አላየችም፤ ለማየትም ልብ አልነበራት። በስተኋላዋ ሐይቁ፣ በስተፊቷ ግድቡ።

"ቦይ ሊቆፍሩ ነው!" አለች ጮክ ብላ፣ በአዊኛ። "ውሃን ከውሃ ሊያገናኙ ነው።" በመሃል ያለው ደግሞ የእሷ ድንች ነው።

ጎረቤቷ ይኸነው የቀበሌ ኮሚቴ ነውና መጀመሪያ ወደ እሱ ሄደች።

"አይ አንቺ ሰው፣ የሩጫ መንገድ ነው እኮ" አላት እየሳቀ። "የእንጅባራ የስፖርት መምህር ነው ያሰረው። ቅዳሜ ከየአገሩ ሰው መጥቶ ይሮጥበታል።"

"ሰው አስፋልት እያለለት ድንች መሃል ምን ያሯሩጠዋል?"

"እንዲህ ያለውም አለ አሉ፤ ዳገት የሚወዱ።"

ዳገት የሚወድ ሰው! ደጊቱ ዓይኗን ከራሱ ላይ አላነሳችም። ይኸነው አዲስ ቆብ አድርጓል። ቆቡን ማን ሰጠህ ብላ ብትጠይቀው "መምህሩ" አላት። ገዝተውታል ብላ ከዚያ በኋላ የተናገረውን አልሰማችውም።

ሐሙስ ዕለት መምህሩ ራሱ መጣ። ወርቅአየሁ ይባላል፤ ቀጭን፣ ትሁት፣ ገና ሠላሳ ያልሞላው። እጁ ላይ ትልቅ ጥቁር ሰዓት አለ፤ ከእያንዳንዱ ሪባን አጠገብ ሲደርስ ያየዋል።

"እንዴት አደሩ እማማ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ይህ ሰዓት ምንድን ነው የሚሠራው?"

ደስ አለው፤ ሰው ስለ ሰዓቱ ሲጠይቀው ይወዳል። "ርቀት ይለካል፣ ከፍታም ይለካል። እርስዎ ደጅ ላይ ያለውንም ለክቼዋለሁ።"

"ለካህ?"

"አዎ። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ነው ጠቅላላው።"

"ማኅተም ያለው ወረቀት ይዘሃል?"

መምህሩ ትንሽ ተደናገረ። "ወረቀት እንኳን የለኝም። የዘንድሮው ለሙከራ ነው እማማ። መንገዱም ገና ጥናት ላይ ነው።"

ደጊቱ ሌላ ምንም አልጠየቀችውም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ደህና ዋል ብላ ሸኘችውና በራፏን ዘጋች።

አርብ ከሰዓት በኋላ ኮሶው ላይ ያለውን ፈታች። ቀጥሎ ያለውን ፈታች። በማሳዋ ጥግና በጨፌው ደረቅ ዳር የታሰረውን ሁሉ ሰበሰበች፤ እቅፍ ሞላ። ብትጥለው ነገ መጥተው ሌላ እንደሚያስሩ ታውቃለች። ስለዚህ መንገዱን ልታዞረው አሰበች፦ ከቀርከሃው ወደ ላይ፣ በጋራው ወገብ፣ ከጨፌው በላይ አዙራ ከራቁቱ ሜዳ ልታገናኘው። እነሱ እንዳሰሩት አድርጋ፣ በሃምሳ በሃምሳ እርምጃ እያሰረች ሄደች። ግን ጋራው ከማሳዋ ዳር ይልቅ ረጅም ነበር። ከጨፌው ረግረግ አፋፍ ስትደርስ እቅፏ ባዶ ሆነ። ቀኑም መሽቷል፤ ፈረሷም አልገባችም። ተመለሰች።

ቅዳሜ ሌሊቱን ያደረው ጉም ረፋዱም ላይ አልተነሳም። ደጊቱ ዱላዋን ይዛ አጥሯ ሥር ቆመች። የሩጫው ነገር ውሸት ከሆነ ዛሬ ይታያል፤ መነጽር የተሸከመ ሰው ከመጣ አታሳልፈውም። ማንም አልመጣም። በኋላ ከጋራው ላይ የእግር ኮቴ ሰማች። ኮቴው ጠፋ። ቆይቶ ከታች፣ ከጨፌው ወገን የሴት ድምፅ መጣ፦ "የሰው ያለህ!"

ከአጥሯ አንድ ረጅም ቀርከሃ ነቅላ ሮጠች። ረግረጉን ሣር ስለሚሸፍነው የማያውቀው ሰው ሜዳ ይመስለዋል። አንዲት ልጅ እስከ ወገቧ ሰምጣ፣ ሣሩን ጨብጣ ትንቀጠቀጣለች። ደጊቱ በሆዷ ተኝታ ቀርከሃውን ሰደደችላት። ሁለቴ አመለጣት። በሦስተኛው ልጅቱ ጨበጠችው፤ ደጊቱ እየጎተተች፣ እሷም እየዳኸች ወጣች። ደረቷ ላይ በጭቃ የተለወሰ ቁጥር ተለጥፏል። ሻሿን አስተካከለችና ማልቀስ ጀመረች።

"አንደኛ ነበርኩ" አለች። "ሪባኑ አለቀብኝ።"

ደጊቱ ሪባኑ የት እንዳለቀ ታውቃለች። ጥርጣሬዋ ግን አሁንም አልለቀቃትም። "ማን ነሽ? ማንስ ላከሽ?"

"ኢልሀም እባላለሁ። ዳንግላ አባቴ ጨርቅ ይሸጣል። ማንም አልላከኝም።"

"ስትሮጡ ምን ትለካላችሁ?"

"ምንም! ቶሎ ለመድረስ ነው እንጂ።"

"የት ለመድረስ?"

"ሐይቁ ጋ፣ ወደ ተነሳንበት። ግድቡን ዞረን በዚያኛው ጋራ እንመለሳለን።"

ይህንን ደጊቱ አልጠበቀችም። ቦይ የሚቆፍር ሰው ወደ ተነሳበት አይመለስም። ቆመች፣ አሰበች፣ አሁንም አሰበች። ከዚያ ፊቷን ወደ ጉሙ መልሳ፦

"እኔ ነኝ የፈታሁት" አለች።

ኢልሀም አልገባትም ነበር። ሲገባት ቀና ብላ አየቻት፤ ቁጣዋ ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከኋላ የሌሎች ኮቴ ተሰማ፤ ደጊቱ ቀርከሃዋን አንስታ እየጮኸች ወደ አፋፉ ወጣች። "በዚህ! በዚህ በኩል! ወደ ታች እንዳትወርዱ!" የመጡትን ሁሉ አንድ በአንድ በደረቁ መራቻቸው። የመጨረሻው እስኪያልፍ ጉም ውስጥ ቆመች። ኢልሀም ከመጀመሪያዎቹ ጋር እያነከሰች ሄዳ ነበር፤ ዘጠነኛ ወጣች።

ደጊቱ ቤቷ መግባት ትችል ነበር። የጠየቃት የለም። ነገር ግን ወደ ሐይቁ ወረደችና በሰው ፊት ለመምህሩ ነገረችው። ይኸነው ቆቡን አውልቆ "አዋረድሽን!" ብሎ ጮኸ። መምህሩ ፊቱ ጠቆረ።

"ልጅቷ ብትሞትስ?" አላት።

"ልክ ነህ።"

"ለምን አልጠየቁኝም እማማ?"

"ጠይቄሃለሁ። ወረቀት የለኝም፣ ጥናት ላይ ነው አልከኝ። የእኔን ቤት ውሃ የበላው እንዲሁ ተብሎ ነው።"

መምህሩ ስለ ቀለሙም ስለ አወቀም የሰማው ያን ጊዜ ነው።  ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ሰዓቱን ከእጁ ፈታና ኪሱ ከተተው።

በሳምንቱ ማኅተም ያለው ወረቀት ይዞ መጣ፤ መንገዱ ለሩጫ ብቻ እንደሆነ፣ የማንም መሬት እንደማይነካ ተጽፎበታል። ደጊቱ ማንበብ አትችልም። ለቄሱ አስነበበችው። ገበያ ስትወርድ ደግሞ ለማታውቀው ባለሱቅ አስነበበችው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ቃል አነበቡላት፤ ወረቀቱን ሣጥኗ ውስጥ ከተተች።

በዓመቱ መምህሩ ሪባኑን እሷ እንድታስር ሊጠይቃት ፈልጎ፣ እንዴት እንደሚጀምር ጨንቆት ደጇ ቆመ። እሷ ቀደመችው። መንገዱ በጋራው ወገብ እንዲያልፍ፣ ረግረጉ ዳር ሰው እንዲቆም፣ ሩጫው ባለቀ ዕለት አንድም ሪባን ዛፍ ላይ እንዳያድር ነገረችው። በሁሉም ተስማማ። አርብ ዕለት ሁለቱ አብረው ከሐይቁ ተነስተው እያሰሩ ሄዱ፤ ግድቡ ዳር ሲደርሱ ደጊቱ ውሃው ውስጥ በጣቷ እያመለከተች ዋርካዋ የነበረችበትን አሳየችው።

ኢልሀም በዚያ ዓመት ሦስተኛ ወጣች። ከሩጫው በኋላ ጫማዋን ደጅ አውልቃ ደጊቱ ቤት ገባች፤ ደጊቱ ትኩስ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አቀረበችላት፤ ልጅቱም ስለ ዳንግላ ጋሪዎችና ስለ አባቷ እያወራች እስኪበቃት በላች።