ሰው ፊት የማትተኛው ሴት

እኛ «መቀስ» ነበር የምንላት። በልብስ ፋብሪካችን ጨርቅ ቆራጭ ነበረች። አርባ ድርብ ጨርቅ አነባብራ፣ ከላይ በጠመኔ አስምራ፣ የኤሌክትሪክ ቢላውን ስትነዳው አንድ ክር እንኳ አይዛነፍባትም። የእኔ ስፌት መኪና ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ስለነበር አሥራ ዘጠኝ ዓመት እሷ የቆረጠችውን ስሰፋ ኖሬያለሁ። እጅጌው ከትከሻው ጋር አልገጥም ብሎኝ አያውቅም።

ጨዋታ ታውቅ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ እሷ ካለች ማንም ቶሎ አይነሳም። አንድ ነገር ብቻ ነበረባት፤ ሰው ፊት አትተኛም። ሠራተኛው በዓመት አንዴ ለሁለት ቀን ሽርሽር ሲወጣ የምታሳብበው ነገር አታጣም፤ ወይ ጥርሷን ያማታል፣ ወይ ዘመድ ይመጣባታል። እናቷ ሆስፒታል ገብተው ሳለ ሦስት ሌሊት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን ሳትከድን አስታመመች። ያየ ሁሉ «እንዲህ ያለች ልጅ ይስጠን» ብሎ መረቃት። እናቷን ትወድ ነበር፤ ግን ክፍሉ ውስጥ ሌሎች አምስት ሰዎችም ነበሩ።

ነገሩ ማንኮራፋት ነው። አዳሪ ተማሪ ሳለች ጓደኞቿ ከነአልጋዋ ገፍተው ኮሪደር ላይ አውጥተዋታል፤ ጠዋት ስትነቃ የሌላ ክፍል ልጆች ከበው ይስቁባት ነበር። ባሏ መጀመሪያ ላይ ይቀልድባት ነበር፤ ለእንግዳ ሁሉ «ቤታችን ጄኔሬተር ገብቶለታል» ይላል። ቀጥሎ ሳሎን መተኛት ጀመረ፤ ቀጥሎም ሌላ ሰው ቤት። የሄደበት ምክንያት ብዙ ነበር። እሷ ግን አንዱን ብቻ ይዛ ቀረች።

«ወንድ ሲያንኮራፋ ደክሞት ነው ይባላል» አለችኝ አንድ ቀን። «ሴት ስታንኮራፋ ምን እንደሚባል ታውቂያለሽ?»

አላውቅም አልኳት። አውቅ ነበር።

ከፍቺው በኋላ አስተማሪ ከሆነችው ታናሽ እህቷ ጋር ገባች። ክፍላቸው ለየብቻ ቢሆንም ግድግዳው ስስ ነው፤ ታናሽየው ጆሮዋን በጥጥ ደፍና መተኛት ለመደች። ስምንት ዓመት እንዲሁ ኖሩ፤ በሰላም።

እኛ ጋ ግን ነገሩ በቀን መታየት ጀመረ። ጠዋት ስትመጣ ራሷን ይዛ፣ አፏ ደርቆ ኩበት መስሎ ነው። ሌሊት ለሽንት ሦስት አራት ጊዜ እነሳለሁ ትላለች። የደም ግፊት መድኃኒቷ ከአንድ ወደ ሦስት ዓይነት ከፍ አለ፤ ግፊቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ከምሳ በኋላ ቆማ ታንቀላፋለች። እኛም «ሌሊት ምን ስትሠሪ አደርሽ?» እያልን እንስቅባት ነበር፤ እኔም ስቄያለሁ። እሷ ከሁላችንም ቀድማ ትስቃለች። እቤት ደግሞ እህቷ ትቆጣታለች፤ ስምንት ሰዓት ሙሉ ተኝቶ ቀን ማንቀላፋት ስንፍና ነው እንጂ ምን ይባላል ትላለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ የካፖርት ጨርቅ ስትቆርጥ የቢላው ድምፅ ተለወጠብኝ። ቀና ስል ዓይኗ ተከድኗል፤ ቢላው መስመሩን ትቶ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ዘልዬ ክንዷን ያዝኩት። ጣቷ ተረፈ፤ አርባ ካፖርት ግን ጀርባው ላይ ተተረተረ። የፈረቃ አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም፣ አልጮኸባትም። ቢላውን ራሱ አጠፋና ሶኬቱን ነቀለ፤ ከነገ ጀምሮ የተቆረጠው ላይ ቁጥር መለጠፍ ነው የምትሠሪው አላት። ቢላውን አንድ ከሌላ ፈረቃ የመጣ ሰው ያዘው። መቀስ ቁጥሯን እየለጠፈች እጁን ስታይ ትውላለች፤ አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረችም። እኔ ግን እጅጌ እየሳብኩ ማጋጠም ጀመርኩ።

ነገሩ የተገለጠው አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። እህቷ ሳሎን የፈተና ወረቀት ታርማለች፤ መቀስ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለች እንቅልፍ ወስዷታል። የቀን እንቅልፍ ስለሆነ ታናሽየው ጆሮዋን አልደፈነችም። ማንኮራፋቱ ድንገት ቆመ።

«መጀመሪያ ተመስገን አልኩ» ብላ አጫውታኛለች። «አንድ መልስ አረምኩ። አሁንም ዝም። ያኔ ዘወር አልኩ።»

የመቀስ ደረት ይታገላል፤ አየር ግን አይገባም። ከንፈሯ ጠቁሯል። እህቷ ሰዓቷን አይታ መቁጠር ጀመረች፤ ሠላሳ ስምንት ሰከንድ። ከዚያ ውኃ ውስጥ ሰጥሞ እንደወጣ ሰው ትንፋሿን ስባ፣ ሳትነቃ፣ ማንኮራፋቷን ቀጠለች። ብዙም ሳይቆይ ደገመች። ደግማ ደጋገመች። ታናሽየው እርማቷን ትታ አጠገቧ ተንበረከከች፤ ስምንት ዓመት ከግድግዳው ወዲያ ምን ሲሆን እንደኖረ ያኔ ገባት።

ቀስቅሳ ያየችውን ሁሉ ነገረቻት። መቀስ ሰማቻትና መጀመሪያ የጠየቀችው ይህን ነበር፤

«መስኮቱ ክፍት ነበር እንዴ?»

እህቷ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻት፤ ሐኪሟም ነገሩን በደንብ አስረዳቻቸው። የሚያንኮራፋ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። ትንፋሽ እየቆመ፣ ቀን እንቅልፍ እየጣለ፣ ግፊትም አልወርድ ካለ ግን መመርመር አለበት። እንቅልፍ ሲይዛት ጉሮሮዋ እየላላ ይዘጋል፤ አንጎሏ አየር ሲያጣ በግድ ያባንናታል፤ ይህ በሰዓት ብዙ ጊዜ ስለሚሆን ሌሊቱን ተኝታም እንቅልፍ አታገኝም። በሽታው ስሊፕ አፕኒያ ይባላል። በጭንብል አየር የሚገፋ መሣሪያ አለ፤ እሱን ለማዘዝ ግን አንድ ሌሊት ሽቦ ተደርጎባት ተኝታ መታየት አለባት። ምርመራው ያለው አንድ ሆስፒታል፣ አልጋው ሁለት፣ ወረፋው ሰባት ወር። እስከዚያው ክብደት ቀንሺ፣ በጎንሽ ተኚ አለቻት። በጀርባዋ እንዳትተኛ ከሌሊት ልብሷ ኋላ ትንሽ ኳስ የሚገባበት ኪስ ሠራንላት፤ እሷ ቆረጠች፣ እኔ ሰፋሁ። ትንሽ ሻል አላት። ትንሽ ብቻ።

ሰባቱ ወር ደርሶ ሄደች። ባለሙያው ሽቦውን ራሷና ደረቷ ላይ ካጣበቀ በኋላ ከመስታወቱ ጀርባ ሆኖ እንደሚያያት፣ ድምፅም እንደሚቀዳ በትሕትና ነገራት። እሷም እናቷን ስታስታምም እንዳደረገችው አደረገች። እንቅልፍ በመጣ ቁጥር ጭኗን እየቆነጠጠች አነጋችው። ውጤቱ «በቂ እንቅልፍ ስላልተገኘ አይነበብም» ተብሎ ወጣ፤ ሌላ ቀጠሮ ከአምስት ወር በኋላ።

እህቷ መንገድ ላይ ስትቆጣ ቆይታ እንባ ቀደማት።

«ይቀዱታል እኮ» አለቻት መቀስ።

«እትዬ፣ የሄድሽው እኮ ለዚያ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «በሚቀጥለው እተኛለሁ።»

በሦስተኛው ወር፣ ገና ሥራ እንደገባን፣ ቁጥሩ ከእጇ ወደቀ። አነሳችው፤ ደግሞ ወደቀ። ምን ሆንሽ ስላት የመለሰችልኝ ቃል ቃል አልነበረም። ስትሮክ ነበር፤ ቀኝ ጎኗ ነው የተመታው፤ የምትቆርጥበት እጅ። ሐኪሟ ስትሮኩ ከዚህ የመጣ ነው ብዬ መማል አልችልም አለች፤ ግፊቱና የትንፋሹ መቆራረጥ ግን ለዓመታት ሲገፏት ኖረዋል።

ሆስፒታል፣ ስድስት አልጋ ባለበት ክፍል ተኛች። እዚያ ሰው ፊት ቀንም ሌሊትም አንኮራፋች፤ ማንም አልሳቀም። አጠገቧ የተኙ አሮጊት ብቻ እህቷን «እንዲህ ዝም ስትል ደህና ናት ልጄ?» ብለው ጠየቁ።

የምርመራው ቀን ሲደርስ ሐኪሟ ራሷ አስቆመችው። መዋጥ ይከብዳታል፣ መሣሪያው ቢታዘዝላትም ቢያስታውካት ጭንብሉን በግራ እጇ ብቻ ቶሎ ማውለቅ አትችልም፣ ስለዚህ እጇ እስኪመለስ ይቆይ ተባለ። እጇ አልተመለሰም። የያዙት የቀጠሮ ወረቀት ላይ ቀን የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነው።

አሁን እህቷ ከአልጋዋ ሥር ፍራሽ አንጥፋ ነው የምታድረው። ዝም ባለች ቁጥር ተነስታ ወደ ጎን ታገላብጣታለች። ባለፈው ሳምንት እህቷ ክፍል ውስጥ ግንባሯን ሰሌዳው ላይ አስደግፋ ቆማ አንቀላፍታ ተገኘች፤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጠርቶ አነጋገራት።

ቅዳሜ መቀስን ልጠይቃት ሄጄ ነበር። እህቷ ጓዳ እቃ ታጥባለች። መቀስ በግራ እጇ እጄን ያዘች፤ ቃሉን አንድ በአንድ ነው የምታወጣው።

«በያት… ሌላ ክፍል… ትተኛ። ትረፍ እሷ።»

እነግራታለሁ አልኳት። ስወጣ እህቷ እጇን እያደረቀች እስከ በር ሸኘችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል፣ ስለ አየሩ አወራን። አልነገርኳትም።