አባዬ ብርድ ልብስ እምቢ ያሉበት ዊንተር

እማዬን በቀበርናት ማግስት በረዶ ጣለ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ አባዬ ብርድ ልብስ አልለብስም አሉ። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ከልጄ ጋር የምኖርባት አፓርትመንት መስኮቷ ነፋስ ያስገባል፤ እሳቸው ግን ሶፋው ላይ ጋቢ እንኳ ሳይደርቡ ኩርምት ብለው ያድራሉ። አልብሼያቸው እተኛለሁ፣ ጠዋት ስነሳ ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል። "አባዬ፣ ሳንባዎን ሊያስመቱ ነው እንዴ?" እላለሁ። "አልበረደኝም" ይላሉ። ከንፈራቸው ግን ጠቁሯል። ኧረ ምን ጉድ ነው!

እኔ የመሰለኝ ሌላ ነው። ሁለቱም ከደሴ የመጡት እኔንና ልጄን አይተው ሊመለሱ ነበር። እማዬ ድንገት ልቧ ቆመ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት ዘመዶቻችን ጀናዛው ወደ አገር ይላክ ሲሉ፣ እኔ "ሬሳ አይጉላላም፣ እዚሁ ቨርጂኒያ ትቀበር" አልኩ። አባዬን ስጠይቃቸው "እንዳልሽ" ብቻ ነበር ያሉት። ከዚያ ወዲህ በልተን ስናበቃ ዱዓ ማድረግ ተዉ። በእኛ ቤት አባት ሳይመርቅ ከማዕድ የሚነሳ ሰው የለም። አርባ ዓመት ደፍኜ እንኳ እጄን ዘርግቼ "አሚን" ልል እጠብቃለሁ፤ እሳቸው በሆዳቸው "አልሐምዱሊላህ" ብለው ብድግ ይላሉ። በቃ ተቀይመውኛል አልኩ። ወደ ደሴ የሚመለሱበት ቀን ደግሞ ደርሷል። የአባት ቅያሜ ታቅፌ ልቀር ነው እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

የጉዞውን ነገር ያመጣችው የአስራ አምስት ዓመት ልጄ ናት። ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ዌስት ቨርጂኒያ ሄዳ በረዶ ላይ ስትጓዝ ውላ ነበርና "አባባን እንውሰደው" አለች። "አንቺ ደግሞ! ከሰባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው በበረዶ?" ብዬ ጮህኩባት። እሷ ምን ቸገራት፣ ወደ ሶፋው ዞረችና "አባባ፣ ተራራ ላይ ስኖው ማየት ትፈልጋለህ?" አለቻቸው። አንቱታ እስከ ዛሬ አልገባላትም፤ እሳቸውም ከእሷ አፍ ሲሆን ደስ ይላቸዋል። ከቤት አልወጣም ብለው የከረሙት ሰውዬ "መቼ?" አሉ።

ቅዳሜ በማለዳ፣ የማይለብሷትን ብርድ ልብስ መኪናው ውስጥ ጥዬ፣ ነድቼ ወሰድኳቸው። ከተራራው ሥር አንዲት ሱቅ አለች፤ ከጫማ ሥር የሚታሰር ሰፊ ነገር ታከራያለች፣ በረዶው ውስጥ እንዳትሰምጥ ነው። አባዬ አገላብጠው አዩት። "ይሄማ ሰፌድ ነው። ምን አጥፍቼ ነው ሰፌድ ላይ የምታቆሙኝ?" አሉ። እማዬ ከሞተች ወዲህ ሲቀልዱ የሰማሁት ያኔ ነው።

መንገዱ ከባድ የሚባል አይደለም፤ ቀላል ነው ብል ግን ጉልበቴ ይታዘበኛል። የከብት ግጦሽ ሜዳዎች አንዱ ከአንዱ በላይ እየሆኑ እስከ ሸንተረሩ ይወጣሉ። አጥሩ ተውጦ ጫፍ ጫፉ ብቻ ይታያል። እኔ እንደ ዳክዬ እግሬን ከፍቼ ስሄድ ሁለቴ በአፍጢሜ ተደፋሁ። አባዬ ዱላቸውን ተመርኩዘው "ቀስ በይ እንጂ፣ ምን ያክለፈልፍሻል!" ይሉኛል። ልጄ ከፊት ሆና ትንከተከታለች።

"ከብቶቹስ?" አሉ አባዬ ሁለተኛው ሜዳ ላይ።

"ቤታቸው ናቸው፣ ኢንሳይድ" አለች።

"ሳሩስ? ይሄ ሁሉ ብርድ ተጭኖት በቃ ሞተ?"

ልጄ ቆመች። ተንበረከከችና በረዶውን በሁለት እጇ ትዝቀው ጀመር። ክርኗ እስኪጠፋ ከቆፈረች በኋላ "አባባ፣ ና፣ እጅህን ስጠኝ" አለች። ጓንታቸውን አወለቀችና እጃቸውን ወደ ጉድጓዱ አስገባችው። ሳሩ አለ። ጫፉ ቢጫ ሆኗል፣ ሥሩ ግን አረንጓዴ ነው፤ አፈሩም ልስልስ ያለ።

"አየህ? ፍሪዝ አላደረገም። ስኖው ለሱ ብርድ ልብስ ነው፣ አባባ። ንፋሱ አያገኘውም። ተኝቷል።"

አባዬ እጃቸውን አላወጡም። ጣቶቻቸው አፈሩን ሲዳብሱ አያለሁ። "አባዬ፣ እጅዎ ይደነዝዛል" ብላቸው አልሰሙኝም። ቀና ሳይሉ "እሷ ዘንድም እንዲህ ይሆን?" አሉ።

እማዬን ማለታቸው ነበር።

"እናትሽ ብርድ አትችልም። ደሴ ሁለት ጋቢ ደርባ እንኳ እግሬ ቀዘቀዘ እያለች ነበር የምታድር። አፈር አልብሰናት በተመለስን ማግስት ይሄ መዓት ወረደ። እሷን እንዲያ ጥዬ እኔ ምን ብዬ ልሙቅ?"

ያረቢ! በረዶው ላይ ዝርግፍ ብዬ አለቀስኩ። "እኔ እኮ እዚህ ስላስቀበርኳት የተቀየሙኝ መስሎኝ!"

"አንቺን? ምድር ሁሉ የአላህ አይደለም እንዴ!" ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው እንዴት ደስ አለኝ።

"ታዲያ ዱዓውን ለምን ተዉት?"

"አፌ እምቢ አለኛ፣ ልጄ። በእጄ አንዲት ጋቢ ላለብሳት ሳልችል፣ እጄን ዘርግቼ ምን ልበል?"

ሸንተረሩ ላይ ስንወጣ ሸለቆው ከነቤቱ ከነዛፉ ነጭ ሆኖ ተዘርግቷል። አባዬ "በየት በኩል ናት?" አሉ። ልጄ ወደ ምሥራቅ አመለከተች። ዱላቸውን በረዶው ላይ ተከሉና እጃቸውን ዘረጉ። አንዱ እጃቸው ገና ጭቃ ነው።

"ያረቢ፣ ያንተ ልብስ ከኔ ይሻላል፤ አደራዋን። ይቺን ልጄን ደጇን አትዝጋባት፣ ክፉ አይንካት። እኔ ርቄ ስሄድ የእናቷን መቃብር የምትዘይር እሷ ናትና ጤናዋን ስጣት። ይቺንም ትንሿን..." ብለው ጀመሩ። ልጄ ሳትጠብቅ "አሚን!" ብላ ጮኸች። እኔም አልኩ፣ የከረመብኝን ሁሉ አሚን።

ስንመለስ የመኪናውን ሙቀት ገና እየከፈትኩ ነበር። ከኋላ አባዬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ያች ብርድ ልብስ የለችም?"

ልጄ አንስታ እስከ አገጫቸው አለበሰቻቸው። እኔ በመስታወቱ እያየሁ፣ አሁን ገፍተው ይጥሏታል ብዬ እጠብቃለሁ።

"እግሬንም" አሉ።

ሸፈነቻቸው። እስከ አሌክሳንድሪያ ድረስ ሲያንኮራፉ ሄድን።