ክፍሏ ከእኔ በፊት

ዛሬ ጠዋት ከደልጊ የመጣው ጭነት መኪና ገበያው ዳር ሲቆም፣ አንዲት ሴት የአሣ ቋንጣ የሞላ ጆንያ አዝላ በአጠገቤ አለፈች። ሽታው ሲደርሰኝ ወደ ቢሮ የምወስደውን ወረቀት እንደያዝሁ መሀል መንገድ ላይ ቆምሁ። ባለ ጋሪው እስኪጮኽብኝ ድረስ አልተንቀሳቀስሁም። አሣ ሸቶኝ አይደለም፤ ያቺ ቤት ሸተተችኝ።

አንቺ ደግሞ ትናንት መጥተሽ «ባሕር ዳር ከመግባቴ በፊት ምን ማወቅ አለብኝ?» ስትይኝ «አጎበር ያዢ» ብዬ ብቻ ሸኘሁሽ። አትቀየሚኝ፣ ደክሞኝ ነበር። የጎረቤት ልጅ ነሽ፤ እዚህ ቆላ ድባ እንጀራ ፍለጋ መጥቼ ከናትሽ ቤት ጎን ከገባሁ ጀምሮ ምንም ደብቄሽ አላውቅም። ስለዚህ ተቀመጪና ስሚኝ።

አጎበሩ እውነት ነው፤ የሐይቁ ትንኝ እንግዳ ለይቶ ያውቃል። መሸኛሽን ከቀበሌ ሳታጽፊ ደግሞ እንዳትንቀሳቀሺ፤ ያለ መሸኛ የገባ ሰው እዚያ እንደ ሰው አይቆጠርም። ውኃ መቅጃው ቦኖ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩምባ ሳይነፋ ድረሺ። መንገድ ስትሻገሪ ከመኪናው ይልቅ ብስክሌቱን ፍሪ፤ ሳይሰማሽ ነው የሚደርስብሽ። ይህን ሁሉ ግን ማንም ይነግርሻል። እኔ የምነግርሽ ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ነው።

ሚኒስትሪ አልፌ ከቁንዝላ ስወጣ ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ቁንዝላ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል አልነበረም። አባቴ ታንኳ ሠሪ ነው፤ ደንገል ያጭዳል፣ ያደርቃል፣ ይጠፍራል። ትንሽ ሳለሁ ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፍ ነገር ሁሉ በእሱ እጅ ያለፈ ይመስለኝ ነበር። እኔን ግን በታንኳ አልላከኝም። በሳምንት አንድ ቀን በምትመጣው መርከብ አሳፈረኝ፤ አንድ ስልቻ ጤፍ፣ አንድ ጆንያ የአሣ ቋንጣ፣ አንድ ሰሌን አስይዞ። መርከቧ ስትነሣ እጁን አላውለበለበም። ጎንበስ ብሎ የታንኳ ገመድ ይፈታ ጀመር፤ የሚፈታ ገመድ እንዳልነበረ ግን አይቻለሁ።

የማርፍበትን ቤት ያገኘልኝ እሱ ነው። ባሕር ዳር በሄደ ቁጥር ቆሎ የሚገዛቸው አንዲት ባልቴት ነበሩ፤ ፈረቃ ሲለወጥ ፋብሪካው በር ላይ ለሠራተኞቹ የሚሸጡ። ባለ ሁለት ክፍል ቤት አላቸው። በፊተኛዋ ይኖራሉ፣ በጓሮ በኩል ያለችው ባዶ ናት። ኪራዩ ከቁንዝላ በሚላክ ጤፍና ቋንጣ እንዲሆን ተስማሙ።

ወደቡ ላይ ተቀበሉኝ። ሰላምታው ገና ሳያልቅ እጄን ጎተት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስሚ ልጄ፤ ማንም ቢጠይቅሽ የእህቴ ልጅ ነሽ። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ ክፍል ማከራየት ክልክል ነው። ዘመድ ማስጠጋት ግን አልተከለከለም።»

«እኔ እኮ የእህትዎ ልጅ አይደለሁም» አልኋቸው።

«እሱንስ እኔም አውቀዋለሁ» አሉና ጆንያዬን ተቀብለው ፊት ፊት ሄዱ።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ግድግዳዋ በጋዜጣ ተለጥፏል፤ አንድ የሽቦ አልጋ፣ አልጋው ሥር አንድ የተቆለፈ ሳጥን፣ ግድግዳው ላይ አንድ ሚስማር። ሚስማሩ ላይ አንድ ሻርፕ ተሰቅሎ ነበር። አውርጄ ሳጥኑ ላይ አስቀመጥሁትና የራሴን ቀሚስ ሰቀልሁ። የማን እንደሆነ አልጠየቅሁም። የመጣሁት ልማር ነው፤ የሰው ሳጥንና ሻርፕ ምን አገባኝ?

እሳቸው ግን የሚያገባቸው ብዙ ነበር። አመሻሽ ላይ ለነገ ቆሎ የሚሆን ሽምብራ ሲለቅሙ እኔንም አብረው ይለቅሙኛል። እናትሽ ስትሞት ስንት ዓመትሽ ነበር? በምን ወር ነው ያረፈች? ክርስትና ያነሣችሽ ማን ናት? ይህ ጉልበትሽ ላይ ያለው ጠባሳስ? ከታንኳ ወድቄ ነው፣ እላለሁ። የት ቦታ? ማን አወጣሽ? አጎቴ። በናትሽ ነው ባባትሽ? እኔ ደብተሬን ከፍቼ፣ ቀና ሳልል፣ አንድ ቃል ሁለት ቃል እወረውርላቸዋለሁ። አንድ ቀን መሮኝ «እትዬ፣ ይህ ምርመራ መቼ ነው የሚያልቀው?» ብላቸው ሣቁ።

«ጨርሼ ሳውቅሽ» አሉ።

ቋንጣውን ሲሠሩልኝ እሾኹን አንድ በአንድ ለቅመው ነው የሚያቀርቡልኝ። እሳቸው አይቀምሱትም። ሽታው ራሳቸውን እንደሚያማቸው የሰማሁት በኋላ ነው፤ ያውም ከሌላ ሰው።

እኔ ያን ጊዜ እግሬ ቤት አያውቅም። ከትምህርት ቤት ስወጣ በዘንባባዎቹ ሥር እዞራለሁ፣ ዓባይ ድልድይ ላይ ቆሜ ጉማሬ እጠብቃለሁ፣ የክፍሌን ልጆች ብስክሌት ለምኜ እወድቅበታለሁ። አፌም እንደ እግሬ ነው። የመሰለኝን እናገራለሁ፤ ሰው ቢከፋው የራሱ ጉዳይ ነው እል ነበር። ቁንዝላ ይህ ጠባይ ብዙ አልጎዳኝም። የሚያውቁኝ ሰዎች ናቸውና «እሷ እንደሆነች ታውቋታላችሁ» ብለው ያልፉኛል።

ነገሩ የሆነው ቦኖ ላይ ነው። የቅዳሜ ጠዋት ሰልፍ ነበር፤ ጀሪካኑ፣ ባልዲው፣ እንስራው እስከ መንገዱ ተሰልፏል። ከፊቴ የአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ሚስት ቆማለች። በዝውውር ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ አራት ልጆች ይዘው በአንዲት ክፍል ታጭቀዋል። ሴትዮዋ ጀሪካኗን በእግሯ እየገፋች ዘወር አለች።

«የባለቆሎዋ የእህት ልጅ ነሽ አሉ» አለችኝ።

«ይላሉ» አልኋት።

«እሳቸው እህት እንዳላቸው ሰምቼ አላውቅም እኮ። በየት በኩል ነው የምትዛመዱት?»

«በኪራይ በኩል።»

ሰልፉ በሙሉ ሣቀ። አንዲት አሮጊት እንስራቸውን መሬት አስቀምጠው ዐይናቸውን እስኪጠርጉ ድረስ ሣቁ። እኔም ደስ አለኝ። ከመጣሁ ጀምሮ «የቁንዝላዋ» ስባል ከርሜ፣ ያን ቀን የከተማ ሰው የሆንሁ መሰለኝ። ጀሪካኔን ሞልቼ እያፏጨሁ ተመለስሁ። ለእትዬ አልነገርኋቸውም፤ ከናካቴው ረሳሁት።

ሻንጣሽን እያሰርሽ ነው የምትሰሚኝ? ያን ገመድ ተይውና ይህን ያዢ። ቁንዝላ ሁሉም ስለሚያውቅሽ የምትደብቂው ነገር የለሽም። አዲስ አበባ ደግሞ፣ ይላሉ፣ ማንም ስለማያውቅሽ የሚጠይቅሽ የለም። ባሕር ዳር መካከል ላይ ናት። አያውቁሽም፤ ይጠይቁሻል ግን። ፋብሪካ አላት፣ ኮሌጅ አላት፣ ሰፊ አስፋልት አላት፤ ቦኖ ላይ የተባለ ነገር ግን የቀዳሽው ውኃ ሳይፈላ ቀበሌ ይደርሳል።

ሳምንት ሳይሞላ አንድ የአብዮት ጥበቃ አባል ወረቀት ይዞ መጣ። እትዬ ማንበብ ስለማይችሉ ተቀብዬ አነበብሁላቸው። «ክፍል ያለ ፈቃድ ስለማከራየት» የሚለው ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምሁ። እትዬ አዩኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ገብቷቸዋል። ጠባቂው «አሁኑኑ ነው፣ ሁለታችሁም» አለ። መንገዱን ሁሉ በመካከላችን ሆኖ ነው የሄደ፤ አንድ ቃል እንኳ ልናወራ አልቻልንም። ክፍሏ ትርፍ ናት ከተባለች እንደምትወሰድ ለእኔም ማንም እንዲያስረዳኝ አላስፈለገም።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ወጣት ሰው ነበር። መጀመሪያ እሳቸውን አስገባና እኔን በረንዳ ላይ አስቀመጠኝ። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«ይህች ልጅ ምንዎ ናት?»

«የእህቴ ልጅ።»

«እስቲ ስለ እሷ ይንገሩኝ።»

ነገሩት። እናቴ በምን ወር እንዳረፈች፣ ክርስትና እናቴ የማን ሚስት እንደሆነች፣ ጉልበቴን የት ቦታ እንደተጎዳሁና ከውኃው ያወጣኝ አጎቴ በናቴ በኩል እንደሆነ፣ ሽሮ ሲደጋገምብኝ እንደምነጫነጭ፣ ስተኛ ፊቴን ወደ ግድግዳ እንደማዞር። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ራሴን ከሰው አፍ ሰማሁ። ቀና ሳልል የወረወርሁላቸውን ሁሉ፣ አንድም ሳይጥሉ አኑረውታል። እንዲህ አድርጎ የሚያውቀኝ ሰው አባቴም ቢሆን መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ከዚያ እኔን ጠራኝ። እሳቸው አጠገቤ ቆሙ።

«አክስትሽ ናቸው?» አለኝ።

«አዎ» አልሁ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ጥሩ። አሁን የምትተኚባት ክፍል ከአንቺ በፊት የማን ነበረች?»

ሻርፑ ትዝ አለኝ። ሳጥኑ ትዝ አለኝ። ስድስት ወር ሙሉ አልጋው ሥር የተቀመጠ ሳጥን ነው፤ ስጠርግ ገፋ አድርጌ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። ወደ እትዬ ዞርሁ። ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል፤ የነጠላቸውን ጫፍ ይጠቀልላሉ፣ ይፈታሉ።

«አላውቅም» አልሁ።

ሊቀ መንበሩ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የተቆጣ አይመስልም ነበር።

«እናቴ፣ እርስዎ አጥንተዋል» አላቸው ቀስ ብሎ። «እሷ ግን አላጠናችም።»

ለእኔ እስከ እሑድ ጊዜ ሰጡኝ። ክፍሏ ተራ ሲጠብቅ ለነበረ ቤተሰብ ተመራች። የማን ቤተሰብ እንደሆነ መገመት አያቅትሽም፤ ባለ አራት ልጆቹ ናቸው።

ስንመለስ በሐይቁ ዳር በኩል ሄድን። ነፋሱ ደንገሉን ያንሿሿዋል። እትዬ ከፊቴ ቀድመው ይሄዱ ነበርና ሳይዞሩ ነው የነገሩኝ።

«የልጄ ናት» አሉ።

አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። አሰብ ሥራ አገኘሁ ብላ ከሄደች ሦስት ዓመት ሆኗታል። መጀመሪያ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፣ በኋላ ቀረ። ክፍሏን ባዶ ካስቀመጡ ትርፍ ናት ተብላ ትወሰዳለች፤ ሰው ካስገቡ ግን ልጅቷ እስክትመለስ ትቆያለች። ለዚህ ነው አባቴን እሺ ያሉት። ለካስ እኔ የተከራየሁ እየመሰለኝ ክፍሏን ለባለቤቷ ስጠብቅ ነው የከረምሁ።

«ለምን አልነገሩኝም?» አልኋቸው።

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

ይህን ሲሉ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። እንዲሁ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ሳጥኑን ተጋግዘን ወደ ፊተኛዋ ክፍል አወጣን። የሽቦ አልጋው ከእሳቸው መደብ ጎን አልገባ ብሎ ግድግዳው ላይ አቆምነው። የፋብሪካ ሠራተኛው ሚስት ልጆቿን አስከትላ መጣችና በሩ ላይ ቆመች፤ ልትገባም አልቻለች፣ ልትመለስም። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ልጆቹ ናቸው» አለች። እሳቸው ትንሹን ልጅ አገጩን ያዝ አድርገው አዩትና፣ በሐይቁ በኩል ያለው ግድግዳ በክረምት ስለሚያረጥብ አልጋውን በዚያ በኩል እንዳታደርግ ነገሯት። 

እኔ ከገበያው ጀርባ ከአራት ተማሪዎች ጋር ክፍል ተጋራሁ። ከአባቴ የሚመጣውን ጤፍ ግን ግማሹን ለእትዬ እወስድ ነበር። መጀመሪያ እሑድ ስሄድ በሩን ይዘጉብኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። «ቁርስ በልተሻል?» ብለው ነው የተቀበሉኝ። ከዚያ ወዲያ አንድም እሑድ አልቀረሁም። ሽምብራ አብሬ እየለቀምሁ አሁን ጠያቂዋ እኔ ሆንሁ፤ ልጅቷ በምን ወር እንደተወለደች፣ ምን እንደምትወድ፣ ማንን እንደምትመስል። ዘግይቼ መጀመሬን ሁለታችንም እናውቃለን፤ አናነሣውም።

አንድ እሑድ ወረቀትና ፖስታ ገዝተው ጠበቁኝ። በድሮው የአሰብ አድራሻ ለልጄ ጻፊልኝ አሉ። ጻፍሁ። ለምወድሽ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፣ ከናፍቆትሽ በስተቀር።  ከግድግዳው ወዲያ ሕፃኑ ያለቅሳል፣ እናቱ እሹሩሩ ትለዋለች።

«ክፍልሽ እንዳለች ናት በይልኝ» አሉ።

እስክሪብቶዬ ቆመ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ምናልባት ይመልሱት እንደሆነ ጠበቅሁ። አልመለሱትም።

ጻፍሁት። ክፍልሽ እንዳለች ናት። ከዚያ ማንም ሳያዘኝ ቀጠልሁ፤ ያቺን ክፍል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ያን ጊዜ አልነበረምና። ጠዋት መስኮትሽ ሲከፈት ከፓፓያው ዛፍ ጀርባ ሐይቁ ያበራል አልሁ። ብርሃኑ ከውኃው ተነሥቶ ጣራሽ ሥር ይወዛወዛል። ሲዘንብ ቆርቆሮው ከጥጉ በኩል ጠብ ጠብ ይላል፣ ጣሳ ይደረግለታል። ቀትር ላይ አንዲት ወፍ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ትቀመጥና ማንንም ሳትፈራ ትቆያለች።

ያ ደብዳቤ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ከባሕር ዳር እስክወጣ ድረስ መልስ አልመጣም፤ ከወጣሁ በኋላም እትዬ ብዙ አልቆዩም።

ያን ቀን ግን «እስቲ አንብቢልኝ» አሉ። ከላይ እስከ ታች አነበብሁላቸው። የተለቀመው ሽምብራ ጭናቸው ላይ እንዳለ፣ ጭንቅላታቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሰሙኝ።

«የመስኮቱን ደግመሽ» አሉኝ።

ደገምሁላቸው።