የጋዝጊብላን ብርድ ልለካ ሄጄ

ማክሰኞ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት፣ ላሊበላ

ሾፌሩ ኪሮስ "11 ሰዓት ላይ በር ላይ ጠብቀኝ" ስላለኝ፣ በሆቴሉ በር ላይ ቆሜ ጥርሴን አፋጫለሁ። 12 ሰዓት ሲሆን አንዱ መብራቱ ብቻ የሚበራ ፒካፕ እየተንገጫገጨ መጣ። ኪሮስ ይቅርታ አላለም። "ኢንጂነር፣ ብርድ ወዳጅ ነህ ሲሉኝ እውነት ነው ለካ!" ብሎ ሣቀብኝ።

ኢንጂነር አይደለሁም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ፕሪንተር ስጠግን ኖሬ፣ አምና አንድ ኩባንያ "የዳታ ሴንተር የቦታ ጥናት ባለሙያ" የሚል ካርድ አሳትሞ በኪሴ ከተተልኝ። ጥናቱን የተማርኩት ካርዱ ከታተመ በኋላ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ፦ ዳታ ሴንተር ማለት የስልካችሁ ፎቶ፣ የባንክ ሒሳባችሁና የዘመዶቻችሁ የሠርግ ቪዲዮ የሚቀመጥበት የኮምፒውተር መጋዘን ነው። እንደ ከተማ መብራት ይበላል፣ እንደ ምድጃ ይግላል። ዘንድሮ አዲስ አበባ ላይ ይህን ሥራ ያልጀመረ ሀብታም የለም። ድሮ ሕንጻ የሠራ ሰው ምድር ቤቱን ለሱፐርማርኬት ያከራይ ነበር፤ አሁን "ዳታ ሴንተር ላደርገው ነው" ይላችኋል። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። አለቃዬም እንደ ዶሮዋ ሰማ። ፈረንጆቹ ብርድ አገር ላይ ሠርተውት ሰማዩ በነጻ ያቀዘቅዝላቸዋል የሚል ወሬ ከአንድ ስብሰባ ይዞ መጣና "ከእኛ አገር ብርድ የት ነው?" አለኝ። እኔም፣ ምላሴ ይቆረጥ፣ ዋግ ኽምራ ተመድባ የሠራች የአክስቴ ልጅ ስለ ጋዝጊብላ ወረዳ ብርድ ስታማርር የሰማሁትን ነገርኩት። በሳምንቱ ተላክሁ።

የቢልባላን ከተማ እስክናልፍ ኪሮስ ነገሩ አልገባውም።

"እና ብርድ ልትገዛ ነው?"

"ልለካ ነው።"

"ተለክቶስ?"

"በቂ ከሆነ መጋዘኑ ይሠራል።"

"እኛ ስንሸሸው የኖርነውን እናንተ በሜትር! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም" አለና ማርሽ ቀየረ። መንገዱ ጠጠር፣ አቧራ፣ ጠመዝማዛ ነው። የውሃ ጀሪካን ያዘሉ ሴቶች፣ ፍየሎች፣ እንደገና ጠጠር። አንድ ኬላ ላይ ጠባቂው ቦርሳዬን ፈትሾ እንቁላል የምታህል ነጭ ዕቃ አወጣ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ብርድ መለኪያ።"

ጠባቂው ዕቃውንም እኔንም ተራ በተራ አየ። "እኔን አትጠይቀኝም? እዚህ ብርድ ላይ ስቆም ስንት ወር ሆነኝ!" አለና አሳለፈን።

ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ከአስከተማ በላይ

ከወረዳዋ ከተማ ከአስከተማ ወዲያ ፒካፑ ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለለ ከአንድ ሰዓት በላይ ወጣ። የቀረውን ግማሽ ሰዓት በእግር ነው። አናቱ ላይ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል፤ አለቃዬ ቢኖር በደስታ ያለቅስ ነበር። እኔ ግን የማለቅሰው በብርዱ ነው።

የተቀበሉኝ የመንደሩ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ወይዘሮ ትርንጎ ናቸው። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ዓይናቸውን ከሰው ዓይን የማይነቅሉ ሴት። ባላቸው ለሥራ ሰቆጣ ወርደዋል። እርስ በርስ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ሲያወሩ ፈጣን ናቸው፤ በአማርኛ ሲሆን ግን እያንዳንዷን ቃል መዝነው ያስቀምጧታል። የገብስ ቂጣና ጠላ አቀረቡልኝና ምርመራቸውን ጀመሩ።

"ይህ ትሠሩታላችሁ የተባለው ቤት ስንት ሰው ይቀጥራል?"

"ለጥበቃ ሦስት አራት።"

"ለዚህ ለዚህማ በጎችም ጠባቂ አላቸው። መብራትስ?"

"መብራትማ ዋና ምግቡ ነው። መስመር ይሳብለታል።"

ቂጣውን አስቀመጡት። ብድግ ብለው፣ "ና፣ ላሳይህ" አሉኝ። ከቤታቸው ጀርባ ቁልፉ የዛገ የቆርቆሮ ቤት አለ። የናፍታ ወፍጮ ነበር። ናፍታው ሲወደድ ባለቤቱ ዘግቶት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ገብስ የሚፈጨው አስከተማ ነው። ሦስት ሰዓት መውረድ፣ ወረፋ መጠበቅ፣ መብራት ከጠፋ እዚያው ማደር፣ ዱቄቱን ተሸክሞ መውጣት። አህያ የሌላት በጀርባዋ ነው። አምና አንዲት ነፍሰ ጡር ዳገቱ ላይ ወደቀች። ሴትዮዋ ተርፋለች፣ ልጇ አልተረፈም። ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ከፍም ዝቅም አላለም።

"መስመሩ ከመጣ ለአንድ ወፍጮ ይተርፈናል?"

አለቃዬ በሰጠኝ ደብዳቤ ላይ "ለአካባቢው ማኅበረሰብ ጥቅም" የሚል አንድ መስመር ጣል አድርጓል። እኔ ከዚያች መስመር ላይ ትራንስፎርመር ተከልኩ። "ቦታው ከተመረጠ ይተርፋል እንጂ! ለአንድ ወፍጮ የሚሆን አይጠፋም" አልኳቸው። ማን አዘዘኝ? ማንም።

ነጩን ዕቃ ጓሮው ውስጥ ካለ ቋሚ እንጨት ላይ ሰቀልኩት። በየሩብ ሰዓቱ ራሱ ይመዘግባል። "እትዬ ትርንጎ፣ ውድ ዕቃ ነው። እስከ ሰኞ እርስዎ ጋ ይቆያል። የመንደሩ ዕድል ያለው እሱ ላይ ነው። አደራ!"

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። "እዚህ አገር አደራ በላ ተብሎ የተሰደበ ሰው አትሰማም። ልብህን ጥለህ ሂድ።"

ልቤን ጥዬ ሄድኩ።

ከረቡዕ እስከ እሑድ፣ ሰቆጣ

ሰቆጣ ሞቅ ያለች ከተማ ናት። ባጃጅ፣ የፕላስቲክ ጫማ የተደረደረበት ሱቅ፣ በየደጁ ማር በጀሪካን። ባትሪ ፍለጋ የገባሁበት ሱቅ ባለቤት፣ አባቱም አያቱም እዚያው የነገዱ ሙስሊም ሰውዬ፣ ሥራዬን ጠይቆኝ ብነግረው ሒሳብ አስተካከለልኝ፤ ሃያ ብር ቀነሰ። "ብርድ ለመለካት ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው መታገዝ አለበት" አለ።

ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የሄድኩት የኢንተርኔት መስመሩ እስከ የት እንደሚደርስ ልጠይቅ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው ይበልጣል ከጎጃም ተመድቦ ከመጣ ስድስት ዓመቱ ነው። "የእኛንም ዳታ ሴንተር እይልን" ብሎ ወደ አንድ በር ወሰደኝ። በሩ ላይ "ጫማ ማውለቅ ግዴታ ነው" ይላል። እኔም አወለቅሁ። ውስጥ ምንጣፍ፣ አንድ ቁም ሣጥን የምታህል ማሽን፣ አንድ ቬንትሌተር። ሁለታችንም በካልሲ ቆመን በዝምታ አየናት። የእኔ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ተቀድዷል።

"ጫማውን ለምን?" አልኩት በሹክሹክታ።

"ለአቧራው። ግን እውነቱን ልንገርህ፣ ሰው ጫማውን ካወለቀ በኋላ ገመድ አይነካም። ያከብራታል።"

አዲስ አበባ ካለው በጣት አሻራ ከሚከፈት በር ይልቅ ይህ ዘዴ ይሻላል፤ ለአለቃዬ ጻፍኩለት። አልመለሰም። ይበልጣል ራሱ ስለ ወደፊቱ አይጨነቅም። "ሁሉም ወደ ትልልቁ መጋዘን እየተጠቃለለ ነው። እዚህ የሚቀረው ምንጣፉ ነው" አለኝ፤ ምሳ ጋበዘኝና የፍየል ጥብስ በላን። ሰቆጣ ላይ ፍየል አልበላም የሚል ሰው ሌላ ሥራ ይፈልግ።

ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከአስከተማ በላይ

ዕቃው ከሰቀልኩበት እንጨት ላይ ንቅንቅ አላለም። ወይዘሮ ትርንጎ አጠገቡ ቆመው እንደ ዘበኛ ተቀበሉኝ። አምስት ስድስት ሴቶችም ነጠላቸውን ተከናንበው መጥተዋል። ውጤቱን ሊሰሙ ነው። ስልኬን አገናኝቼ ንባቡን ከፈትኩ።

ቀን አሥራ አንድ ዲግሪ። ሌሊት ሃያ ሰባት።

ዘጋሁት፣ ከፈትኩት። ያው ነው። ስድስቱም ሌሊት እንደዚያው። ፀሐይ ማታ የምትወጣበት፣ ጠዋት የምትጠልቅበት አገር! ደግሞ በየማታው ወደ 1 ሰዓት ገደማ ሙቀቱ ሽቅብ ይፈናጠራል። ቀና ብዬ አየኋቸው።

"እትዬ ትርንጎ፣ ይህ ዕቃ ማታ ማታ የት ነው የሚያድረው?"

"የት ይደር? ቤት ነዋ! ከእኔ ጋር!"

"ቤት የት?"

"ምድጃው ሥር፣ በነጠላ ጠቅልዬ። የእንግዳ ዕቃ በዚህ ብርድ ደጅ ላሳድር? ደግሞ ሳይረፍድ ከቦታው እመልሰዋለሁ። አንድም ቀን አላጓደልኩም።"

ሣቅ አመለጠኝ። እንባዬ እስኪወርድ ሣቅሁ። እራት ሲሠራ፣ እሳት ሲጫር፣ ሁሉንም መዝግቦታል! እሳቸው ግን አልሣቁም። ለምን እንደምሣቅ ስነግራቸው ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ።

"ኧረ በስማም! ብርዱን ነው እንዴ የፈለግኸው?"

"አዎ።"

"እና ምነው አትለኝም! ብርድ የሚፈልግ ሰው አለ ብዬ በምን ልወቅ?" ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። "የነዚህን ሴቶች ወፍጮ በገዛ እጄ አቃጠልኩት በለኛ።"

ሣቄን ተውኩ። ያፈርኩት በራሴ ነው። አደራ ያልኩት እኔ፣ ምን እንደሚጠበቅ ያልተናገርኩት እኔ። አለቃዬ የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው ብሎኛል፤ ቢሆንም ስድስት ሌሊት ብቻ እንዲጨምርልኝ እለምነዋለሁ ብዬ ኔትወርክ ወደሚይዝበት ጉብታ ወጣሁ። ወይዘሮ ትርንጎ ተከተሉኝ።

ደውዬ የሆነውን ነገርኩት። አለቃዬ ከእኔ የባሰ ሣቀ።

"ተወው ወንድሜ፣ ተወው! ብርድ እኮ ቀርቷል።"

"እንዴት ይቀራል?"

"ትሬንዱ ተቀየረ። አዲሶቹ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማሽኖች በቱቦ ፈሳሽ ነው የሚቀዘቅዙት። ደንበኛ አሁን የሚጠይቀው 'ስንት ሜጋ ዋት መብራት አለህ?' ብቻ ነው። ኃይል ማከፋፈያው ጎን መሬት አግኝተን ሐሙስ ለት ፈረምን።"

"ሐሙስ? ለምን አልነገርከኝም?"

"ረሳሁት። ስማ፣ የሰቆጣ ማር አሪፍ ነው ይባላል። ሁለት ኪሎ ያዝልኝ።"

ስልኩን ዘጋሁት። መዋሸት እችል ነበር፤ "ጥናት ላይ ነው" የምትል ቃል ለዚህ ነው የተፈጠረችው። ግን ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነው።

"ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ እትዬ። ብርዱን ትተውታል። መብራት ያለበት ቦታ ሄዱ።"

"መብራት ወዳለበት?"

"አዎ።"

"እኔ ለስድስት ሌሊት ያቀፍኩት ዕቃ ለማንም አልነበረማ" አሉ።

ቁልቁለቱን እየወረድን ድንገት ቆሙ።

"መኪናህ ባዶ ነው የሚመለሰው?"

"ባዶ ነው።"

"ባዶ አይመለስም" አሉና ለሴቶቹ በኽምጣንጋ ተጣሩ።

ሰኞ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ አስከተማ

የሴቶቹን የገብስ ጆንያዎች እስከ መኪናው አህዮች አወረዷቸው። ኪሮስ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ጮኸ። "ኢንጂነር! የኪራይ ውሉ ለአንድ ሰውና ለአንድ ቦርሳ ነው!" መብራት አመጣለሁ ማለቴን ሴቶቹ ነግረውት ኖሮ፣ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት አንተ ነህ" ብሎ ጨመረልኝ። እየተሳደበም አሥራ ሁለቱን ጆንያ አንድ በአንድ ራሱ ደረደረ፣ ራሱ በገመድ አሰረ። አምስት ሴቶች ላያቸው ላይ ወጡ። ወይዘሮ ትርንጎን ከፊት፣ መሀላችን አስቀመጥናቸው። ሦስት ሰዓት የሚፈጀውን መንገድ በሰዓት ከሩብ ወረድነው።

ወፍጮ ቤቱ መብራት አለው። ወረፋውም አለ፤ እስከ ዋናው መንገድ ዳር ተሰልፏል። ኪሮስ ሰዓቱን እያየ ያጉረመርማል፤ ላሊበላ ሳይመሽብን መግባት አለብን፣ ነገ ጠዋት አውሮፕላን አለኝ። "አንተ ሂድ፣ አደረስከን" አሉኝ ወይዘሮ ትርንጎ። አልሄድኩም። ቃል ሰጥቼ ምንም ያላመጣሁ ሰው፣ ቢያንስ ወረፋ ልጠብቅ።

ወፍጮ ፈጪው ቅንድቡ ሳይቀር በዱቄት የነጣ ሰውዬ ነው። ጆንያ እንዳይደባለቅ በከሰል የባለቤቱን ስም ይጽፍበታል።

"የማን ልበል?"

ሴቶቹ እርስ በርስ አወሩ። አንዷ ሣቀች፣ ሌላዋ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ከስልኩ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ፈገግ ያላሉት ወይዘሮ ትርንጎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ዳታ ሴንተር በል።"

"ማነው እሱ? ማኅበር ነው?"

"አዎ፣ ማኅበር ነው። የእኛ ነው።"

ሰውዬው እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። አሥራ ሁለቱም ላይ ጻፈ። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ግድግዳውን ተደግፈን ሴቶቹ የቋጠሩትን ቆሎ እየቆረጠምን ጠበቅን። በመጨረሻ ሰውዬው ብቅ ብሎ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ተጣራ።

"ዳታ ሴንተር! ተረኛ!"

"አቤት! አለን!" ብለው ወይዘሮ ትርንጎ ብድግ አሉ። የጆንያውን አንድ ጫፍ እሳቸው ያዙ፣ ሌላውን እኔ ያዝኩ።